የማለው እጅ

ጊንጪ መጥታችሁ ስለ ባሌ ስለ ጉርሙ ብትጠይቁ፣ ባጃጅ ነጂውም ሱቅ ጠባቂውም «በሐሰት ምሎ እጁ የተመታው አስተማሪ ነው» ይሏችኋል። ደግሞ አዝነው ነው የሚሏችሁ። የሚያዝን ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚያምርበት ያየሁት በዚህች ከተማ ነው። እኔ ሚስቱ ጋዲሴ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ያለውን እንጂ ያላለውን መጻፍ አልለመድኩም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው ከድንበር ነው። ጉርሙ ከአባቱ የወረሰው የጤፍ ማሳ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ደቻሳ ከሚባል ሰው ማሳ ጋር ይዋሰናል። መሃል ላይ የድንበር ድንጋይ አለ። በሙሽርነቴ አማቴ እያዞሩ መሬቱን ሲያሳዩኝ ድንጋዩ ወይራው ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ሲል አላየሁም። ደቻሳ ግን በ2010 መስከረም ላይ ብድግ አለና «ጉርሙ ድንጋዩን ወደ እኔ ገፍቶታል» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ምስክር አጣና ወደ ሽማግሌ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደቻሳ ያችን ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ተናገረ፤ «ይማልልኝና ልተወው» አለ።

እኛ አገር ይህ ቃል ከወጣ መመለሻ የለውም። የማይምል ሰው ሌባ ነው። የሚምል ደግሞ እስኪሞት ድረስ ይጠበቃል። ላሙ ብትሞት፣ ልጁ ቢታመም፣ ማሳውን በረዶ ቢመታው፣ «መሐላው ነው» ለማለት አገሩ ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀመጣል። ጉርሙ ይህን እያወቀ አልፈራም። የሂሳብ አስተማሪ ስለነበር መሰለኝ፣ መልሱ ትክክል ከሆነ ማንም ኤክስ አያደርግበትም ብሎ ያምናል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መስቀሉን በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ «ድንጋዩን ገፍቼ ከሆነ ይህ እጄ ይሰለል» አለ። እጅህን ጥራ ያለው ሰው አልነበረም። «እግዜር ይፍረድብኝ» ብሎ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደቻሳ አንገቱን ደፋ፣ ተወለት፣ ተሳሳሙ፣ ወደየቤታችን ገባን።

ዓመት ሳይሞላ ያው ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሲሠራበት ይተዋል፤ ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው ይነሳበታል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው ይፋተጋሉ። መጀመሪያ ኮት ኪሱ ውስጥ ይደብቀው ነበር። አየሩ ቢሞቅም ባይሞቅም ኮት ይለብሳል፣ እጁን ይከታል። ሞኝ! ከተማው የሚጠብቀው ያንኑ እጅ እኮ ነው። «ጉርሙ ደህና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ዓይናቸው ወደ ኪሱ ነበር።

የተጋለጠው የደቻሳ እናት ሲያርፉ ነው። አሮጊቷን ይወዳቸው ነበር፤ በልጅነቱ እሳቸው ቤት ነው የሚበላው። ለቅሶ ሄድን። ያኔ ፊቱ መጠንከር ጀምሯል፤ ሲስቅም ሲያዝንም ያው ነው፣ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። እኔ አብሬው ስለምተኛ ልቡ እንደሚነድ አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ያየው እንባ የሌለው ዓይንና ያልተንቀሳቀሰ ፊት ነው። ሊቆም ሲል ሚዛኑን ሳተ፣ እጁን ከኪሱ አወጣ፣ እጁም በሕዝብ ፊት ተንቀጠቀጠ። አስከሬኑ ተረሳ። አንዲት ሴት «ልቡ ደንድኗል፣ እጁ ግን ይመሰክራል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አልመታኋትም። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። እርምጃው አጠረ። በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬቱ ላይ የተጣበቀ ይመስል ቆሞ ይቀራል። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ሆንኩ። ድምፁ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ፣ አርባ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረ ሰውዬ ውኃ ሲጠይቀኝ ጆሮዬን አፉ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ጠበል ወሰድኩት። በዚያ ብርድ እየተጠመቀ ሲንቀጠቀጥ፣ አጠገቡ ያሉት ምእመናን «ተናዘዝ! ተናዘዝ!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። የታመመ በታመመ ላይ እንዴት እንደሚበረታ ማየት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የልጃችንን የሮቤራን ነገር ነው። ሮቤራ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ኡርጂ የምትባል የአምቦ ልጅ አጭቶ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል አባቷ አቶ ነጋሳ መልእክት ላከ። ቃሉ አጭር ነው፤ «የሐሰት መሐላ እስከ ሰባት ትውልድ ይከተላል፤ የልጅ ልጆቼን ለዚያ አልሰጥም።» ሮቤራ መጥቶ አባቱ እግር ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጉርሙ ሊያባብለው እጁን ራሱ ላይ ሲጭንለት፣ እጁ ጭንቅላቱ ላይ ይንቀጠቀጥበት ጀመር። ልጁ ተነስቶ ወጣ።

እንደ ምንም ተረጋግቶ ሲመለስ አንድ ነገር አመጣልን። ዶክተር ሰምሃል የምትባል የነርቭ ሐኪም በወር አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየመጣች አምቦ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ታያለች አለ። ሄድን። ልጅ እግር ናት፤ ረጋ ያለች። ጣቶቹን እንዲያገጣጥም፣ እንዲራመድ፣ ስሙን እንዲጽፍ አደረገችው። ከዚያ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረችና ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ጀመረች። ሽታ ይለያሉ? ማታ ሲተኙ ይጮኻሉ? ሆዳቸው ይደርቃል?

ሳቄ መጣ። ሽታ? ሮቤራ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለ ወጡ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ ጉርሙ ጓዳው አጠገብ ተቀምጦ ፈተና ያርም ነበር። ሆዱ? ተልባ እየወቀጥኩ ስንት ዓመቴ። እንቅልፉማ አይነሳ! በሕልሙ ይጣላል፣ ይራገጣል። አንድ ቀን በክርኑ ዓይኔን ብሎኝ አብጦ ቢሮ ገባሁና፣ ባልደረቦቼ «ይህ አስተማሪ ይደበድባታል» ብለው ሲያሙት ከረሙ። ጡረታ ሊወጣ በተቃረበበት ዓመት ደግሞ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች «ቲቸር፣ ጽሑፉ አነሰ፣ አይታየንም» እያሉ ያስቸግሩት እንደነበር ነገርኳት።

«መሐላው መቼ ነበር ያሉኝ?» አለች።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው ይስሙኝ እናቴ። ይህ በሽታ ፓርኪንሰን ይባላል። እጅ ሲንቀጠቀጥ አይደለም የሚጀምረው። አንጎል ውስጥ ወደ ሥሩ ጥቁር የሆነች ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ ሰውነት እንዳሰበው እንዲታዘዝ የሚያደርገው እሱ ነው። እነዚያ ሕዋሳት ቀስ እያሉ ይሞታሉ። የቀሩት የሞቱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ሰውየው አያውቅም። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩ ብዙዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን በአፍንጫ፣ በአንጀት፣ በእንቅልፍ በኩል ምልክት ይሰጣል። አንዳንዴ ከዐሥር ዓመት በፊት።»

«ይድናል?»

«አይድንም። መድኃኒቱ የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያቆምም። ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው፤ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። ለጥቂት ዓመታት ደህና ይሆናሉ።»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባልሽ የማይድን በሽታ አለበት ተብዬ በደስታ ሰከርኩ። ሚኒባስ ውስጥ የጉርሙን እጅ ይዤ «ከመሐላው በፊት ነው! ከመሐላው በፊት ነው!» እያልኩ ስለፈልፍ ተሳፋሪው አብዳለች ብሎ ያየኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይኸው ደረሰ ብዬ አሰብኩ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ቤቴ ጠራሁ፤ ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ተልባውንም፣ ያበጠውን ዓይኔንም። ጥሩ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ የሁሉም ዓይን ወደ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ኦሊቃ ሄደ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«አዴ ጋዲሴ፣ ሐኪሟ ልክ ናት» አሉኝ። «ዋቃ አምላክ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ሰው አንድ ቀን በሐሰት እንደሚምል አይቶ አስቀድሞ ምልክት አደረገበት። ዝናብ ሳይመጣ ደመና አይመጣም እንዴ?»

ሌሎቹ «ዹጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ያቀረብኩላቸውን በልተው፣ መርቀውኝ ወጡ።

ጉርሙ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። መድኃኒቱን ግማሽ ግማሽ ፍሬ መውሰድ ከጀመረ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ገና ምንም የለም። «ጋዲሴ» አለኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ገፍቻለሁ ብዬ ልናዘዝ ነው።»

ጮኽኩበት። ውሸታም አልኩት፣ ፈሪ አልኩት፣ የአባትህ አጥንት ይውቀስህ አልኩት። መድኃኒቱ እስኪሠራ እንኳ ታገስ ብዬ ለመንኩት። «ልጅቷን ለሌላ ሊድሯት ነው፤ የተናዘዙት መሐላ ግን ይፈታል» አለ። «እኔ እንደሁ ጨርሻለሁ። ስሜ ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ ልጁ ግን ገና አልጀመረም።» ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ለሮቤራ ደውዬ «አባትህ ላንተ ብሎ ሊዋሽ ነው፣ መጥተህ ከልክለው» አልኩት። ልጄም «እማዬ፣ እሱ ያለውን ያድርግ» አለኝ።

ኑዛዜው የተደረገው እዚያው የማለበት ደጃፍ ላይ ነው። ሰው ከቡሳም ከኦሎንኮሚም መጥቷል፤ ለእውነት እንዲህ ተሰብስቦ አያውቅም። አቶ ነጋሳም ከአምቦ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጉርሙ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አልተሰማም!» አለ ከኋላ አንዱ።

እንደገና አለ። ኦቦ ኦሊቃ ጆሮአቸውን አስጠግተው ሰሙ፤ ነገር ግን ቀና ብለው «ሕዝብ ፊት የማለ ሕዝብ ፊት ነው የሚናዘዘው። ጮክ በል» አሉት።

ባሌ ትንፋሹን ሰበሰበ። ያንን የሞተ ጉሮሮውን ቀደደና «ድንጋዩን ገፍቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም፤ ውኃ ሲጠማውም፣ ሲወድቅም። እልልታው ቀለጠ። ደቻሳን አየሁት፤ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ለካ እሱ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም።

ገና አላበቃም። ማሳው ድረስ ሄደን «የቀድሞ ቦታው የት ነበር? አሳየን» አሉት። የሌለ ቦታ እንዴት ይታያል? ጉርሙ ያንን ቀኝ እጁን አነሳና ጠቆመ። ጣቱ ወዲህ ወዲያ ሲወዛወዝ ሽማግሌዎቹ ጣቱን ተከትለው አንገታቸውን አወዛወዙ፤ በመጨረሻ የደረሰበትን ሩቁን ያዙ። ደቻሳ ከጠየቀው ዕጥፍ መሬት ሄደ። ጎረምሶቹ ድንጋዩን እያንከባለሉ ወስደው ተከሉት፤ ጉርሙና ደቻሳ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይፍታህ» ብለው መረቁት።

የሆነውስ? ፈታዋ! ሐኪሟ ባለችው መሠረት መድኃኒቱን ሙሉ ፍሬ ካደረግነው በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጉርሙ ከአልጋው ብቻውን ተነሳ። ሸሚዙን ቆለፈ። ፊቱ ተፈታ፤ ሳቀልኝ። ልጅ ሆኜ ያየሁትን ያንን ሳቅ ሳይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ገበያ ወጣ፣ እጁ ጸጥ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ እየተራመደ። ከተማው ጉድ አለ። ሰው ቤታችን ድረስ እየመጣ እጁን ይስመው ጀመር። «መድኃኒቱ ነው!» እላለሁ፣ ብልቃጡን እያወዛወዝኩ። «መድኃኒቱንም የባረከው ኑዛዜው ነው» ይሉኛል። ታዲያ ምን ይባላል? ሰውዬው ዋሸ፣ እጁ ዳነ። እኔስ ብሆን ሌላ ምን አምን ነበር?

ሮቤራና ኡርጂ ተጋቡ። ሠርጉ ላይ ኦቦ ኦሊቃ ጉርሙን አስነስተው ብርጭቆ አስያዙትና «እዩ፣ ጠብ አትልም» አሉ። አንዲትም ጠብ አላለች። ደቻሳ ከሁሉ ይበልጥ አጨበጨበ። እኔ «ሐኪሟን ለምን አልጠራችኋትም?» ብዬ ልነሳ ስል ሮቤራ ቀሚሴን ያዘኝ። «እማዬ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ዛሬን እንኳ ተዪው» አለኝ። ተውኩት።

ጥቂት ዓመት ብላ ነበር ሐኪሟ፤ አልዋሸችም። መጀመሪያ የመድኃኒቱ ጉልበት እያጠረ መጣ። ውጦ ሰዓት ያህል ሰው ይሆናል፣ ከዚያ እንጨት ይሆናል። መጠኑ ሲጨመር ደግሞ አንገቱና ትከሻው ያለ ፈቃዱ ይጠማዘዝ ጀመር። መንገዱ ሲዘጋ ፋርማሲው ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ሳምንቱን ሙሉ አገላብጬ የማስተኛው እኔ ነኝ። ምግብ ያንቀዋል። ሌላም መጣ። «እነዚህን ልጆች አስቀምጫቸው፣ ደብተር አውጡ በያቸው» ይለኛል፤ ባዶ ግድግዳ እያየ። ሐኪሟ በሽታው ወደ ላይ ወደ ሐሳቡ እየወጣ ነው አለች።

ከተማው ያለውንማ መንገር አያስፈልግም። «የቀረ አለው። ሌላም ነገር ደብቋል።»

ኡርጂ የመጀመሪያው ፅንስ አልጸናላትም። ሁለተኛውን ስታረግዝ ሮቤራ ብቻውን መጣ። አባቱ መድኃኒቱን ወስዶ ደህና የሆነባት ሰዓት ነበረች፤ መስኮቱ አጠገብ በደንብ ተቀምጧል። ሮቤራ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ስለ ኡርጂ ብለህ፣ ስለሚወለደው ልጅ ብለህ፣ የቀረ ነገር ካለ ተናገር።»

«የቱ የቀረ?» አልኩት። «የመጀመሪያውስ የት ነበረ? ይህ ሰው በሕይወቱ የዋሸው አንድ ቀን ነው፣ እሱንም ላንተ ብሎ ነው! ድንጋዩን አልነካውም! ሚስት ይዘህ የምትተኛው በአባትህ ስም ላይ ነው፣ አንተ ከንቱ!»

ሮቤራ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በኀዘኔታ አየኝ፤ ከተማው በሚያየኝ ዓይን። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ያኔም እንዲህ ነበር የምትይው» አለኝ።

ወደ ጉርሙ ዞርኩ። ጉልበቱን ያዝኩት። «ጉርሙዬ፣ ይኸው ልጅህ። አፍህ ሳይያዝ እውነቱን ንገረው። ድንጋዩን ገፍተሃል?»

ጉርሙ አሰበ። ፊቱ ላይ የሚያስታውስ ሰው ፈገግታ መጣ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር።

«ገፍቻለሁ» አለ። «ዝናብ ነበር። በዲጂኖ ሰቅስቄ ነው ያነሳሁት፤ ሥሩ ጭቃ ስለነበር እንቢ ብሎኝ ስንት ታገልኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና እጄን መታ መታ አደረገው፣ በፍቅር። «ብቻዬን መቼ እችለው ነበር? ባትሪውን ይዛ ያበራችልኝ እናትህ ናት።»

ልጄ ቀስ ብሎ ከተንበረከከበት ተነሳ። ፊቴን አላየም፤ እጆቼን ነበር የሚያየው። እኔም ሳላስበው እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።